ሁለቱ ባዶ ፖስታዎች

መሐል ሜዳ፣ ረቡዕ

እጮኛዬ ለመባል ጥቂት ለቀረህ ለአንተ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? እናትህስ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይስ አሁንም ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ አረፍ ይላሉ? ማሽላው ዘንድሮ እንዴት ያዘላችሁ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። እዚህ ውርጩ በርትቷል፤ ጠዋት የቢሮውን ቁልፍ ስይዝ እጄን ያቃጥለኛል። አንተ ቆለኛው አንድ ሳምንት ብትቀመጥ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበህ ከቤት አትወጣም ነበር። አባቴም ደህና ናቸው። ሰላም በይልኝ ግን አላሉም፤ እንደምጽፍልህም አያውቁም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን የሚሉት ነው ትለኝ ይሆናል። የድሮው ቁጥርህ አይሠራም። አዲሱን ከሰው ጠይቄ ማግኘት አያቅተኝም ነበር፤ ግን እኔን ታውቀኛለህ፣ ድምፅህን ከሰማሁ የምናገረው ይጠፋኝና ስለ ዝናብ አውርቼ እዘጋዋለሁ። በወረቀት ላይ ግን አላፍርም።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። እሁድ ቤታችን ሽማግሌ ይመጣል። የላከው አንዷለም የሚባል የዘመሮ የከብት ሐኪም ነው። ከዚህ በፊት ተመላልሰዋል፤ አባቴ በመጡ ቁጥር ዘመድ እናማክር እያሉ ሸኟቸው። የእሁዱ ግን የመጨረሻው ነው። ከእንግዲህ ማማከር የሚባል ነገር የለም፤ እሺ ወይም እንቢ ነው የሚባለው። እሺ ከተባለ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ይሆናል።

ይህን የምነግርህ ላስቀናህ ብዬ አይደለም። ዛሬ ሥልጠና ላይ አንድ ነገር ባላይ ኖሮ ሳልጽፍልህ አግብቼ እቀመጥ ነበር። አሁን ግን ካየሁት በኋላ ምሳዬን ትቼ ወረቀት አነሣሁ፣ ስለዚህ ታገሠኝና እስከ መጨረሻው አንብበው።

መሥሪያ ቤታችን አገልግሎቱን ወደ ኮምፒዩተር ሊያስገባ ነው ተባለ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሥራ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ የት እንደሚደርስ በሥዕል ይውጣ ተባለና ሰብስበው ያሠለጥኑን ጀመር። ሥዕሉ እንዳሻህ የምትሥለው አይደለም። በየአገሩ ያለ ባለሙያ ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያነበው የምልክት ሥርዓት አለው፤ ቢፒኤምኤን ይሉታል። የሚያሠለጥኑን አቶ ገብረ አማኑኤል የሚባሉ ከደብረ ብርሃን የመጡ ሰው ናቸው። ቀይ ማርከር ይዘው በየጠረጴዛው ይዞራሉ፤ የተሳሳተ ነገር ካዩ አይቆጡም፣ እንዲሁ ጥያቄ ይጠይቁሃል፤ እሱ ከቁጣ ይብሳል።

ቀጭን ክብ መነሻ ነው። ደማቅ ክብ መድረሻ ነው። ማዕዘኑ ለስለስ ያለ ሳጥን ሥራ ነው፤ በውስጡ የሚጻፈው የሚሠራው ነገር እንጂ የሠራተኛው ስም አይደለም። እኔ መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ኃላፊው ብዬ ጻፍኩ። አቶ ገብረ አማኑኤል መጡና ኃላፊው ምን ያደርጋሉ? አሉኝ። ይቀመጣሉ ብዬ መለስኩ። አዳራሹ በሳቅ አበደ። ኃላፊያችን ለካ ከኋላዬ ተቀምጠው ኖሯል! እስከ ሻይ ዕረፍት ድረስ ወደ ኋላ አልዞርኩም።

በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ደግሞ ጥያቄ ነው፤ አዎ ከሆነ በዚህ፣ ካልሆነ በዚያ ትሄዳለህ። የመሬት ይዞታ ደብተር አሰጣጣችንን ስንሥል ነገ ይመለሱ ከሚል ሳጥን አንድ ቀስት ተነሥቶ እዚያው መነሻው ላይ ሄዶ ተሰካ። አቶ ገብረ አማኑኤል በጣታቸው እየተከተሉት ዞሩ፣ ዞሩ፣ ደግመው ዞሩና፣ እኚህ ባለጉዳይ መቼ ነው ቤታቸው የሚገቡት? አሉ። የሳቀ አልነበረም። ሁላችንም ያንን ባለጉዳይ በመልክ እናውቀዋለን።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ፤ ነገሬ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሥራው ሁለት ወገን ካለው ለየወገኑ አንዳንድ ትልቅ አጥር ይሣልለታል፤ ገንዳ ይሉታል። አንዱ ገንዳ ሌላውን አያዝም። ሥራን ከሥራ የሚያያይዘው ሙሉ ቀስት ከገንዳ ወደ ገንዳ አይሻገርም። የሚሻገረው መልእክት ብቻ ነው፤ እሱም በተቆራረጠ ቀስት ነው። መልእክት የሚላክበት ቦታ ላይ ውስጡ የተቀለመ ጥቁር ፖስታ ይሣላል። መልእክት የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ደግሞ ያልተቀለመ ባዶ ፖስታ። ባዶው ፖስታ ጋ የደረሰ ሰው መልእክቱ እስኪመጣለት ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አይልም።

ዛሬ ጠዋት ከቢሮ ውጭ የሆነ፣ ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር በቡድን ሣሉ ተባልን። እኔ፣ መሲ የምትባል አዲስ ሠራተኛና የአጎትህ ልጅ መኳንንት አንድ ጠረጴዛ ደረሰን። መሲ ሽምግልና እንሣል አለች። የእኔን ታሪክ አታውቅም። መኳንንት ማርከሩን ከድኖ፣ ጠላ አጠማመቅ አይሻልም? አለ። መሲም ወንድ ስለ ጠላ የሚያውቀው ሲቀዳለት ነው ብላ አፉን አስያዘችው። እኔም ይሁን አልኩ። እንቢ ብል ለምን ልባል ነው፤ እንቢታዬ ራሱ ወሬ ይሆናል። የልጅቷን ወገን እኔ፣ የወንዱን ወገን መኳንንት ልንሥል ተስማማን።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቆሙ፣ ተቀመጡ ተባሉ፣ ነገራቸውን ተናገሩ። አባት ዘመድ እናማክር አለ። እስከዚህ ድረስ መሲ እያሳቀችን በደህና መጣን። ከዚህ በኋላ በእኛ ቤት ሥርዓት ሽማግሌ ራሱ ነው ተመልሶ የሚመጣው። የልጅቷ አባት ተመለሱ ብሎ አይልክም፤ ከላከ ልጅቷ ነውር ቢኖርባት ነው፣ ሊገላገላት ቸኩሎ ነው ይባላል። ስለዚህ በገንዳዬ ውስጥ ባዶ ፖስታ ሣልኩ። ቀና ብዬ ሳይ መኳንንትም በእናንተ ገንዳ ውስጥ ባዶ ፖስታ ሥሏል። ይሄ ምንድን ነው? አልኩት። እኛ ቤት ሳይጠሩ መመለስ ሰው መድፈር ነው፣ የልጅቷ ወገን አማክሮ ሲጨርስ ይልካል እንጂ አለኝ። ይህን ሲለኝ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሣም።

ማርከሬን ከደንኩ። አቶ ገብረ አማኑኤል መጥተው ከበላያችን ቆሙ። አንዱን ፖስታ አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ በመካከላቸው የተቆራረጠ ቀስት ፈለጉ፤ የለም። ታዲያ ማነው የሚልከው? አሉ። እነዚህ ሰዎች እስከ ምጽአት ይጠባበቃሉ አሉ፤ ማንም አላጠፋም፣ ማንም ግን ከቦታው አይነሣም። መኳንንት ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። የእኛ ጉዳይ አደባባይ ስለወጣ አፍሮ ነው ብዬ አዘንኩለት።

ማንም አላጠፋም! ይህን ቃል ስንት ጊዜ ስፈልገው እንደኖርኩ አታውቅም። ካቻምና ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎቻችሁ ሲመጡ ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። አባቴ ዘመድ እናማክር አሉ። ተመለሱ አላሉም፤ አይባልማ! ከዚያ ሁዳዴ ገባ፣ ፋሲካም አለፈ፣ ማንም አልመጣም። መንገድ ተዘግቶ ነው አልኩ፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ምክንያት አበጀሁላችሁ። ኋላ ለመስቀል ደወልክና የለያየን የአባትሽ ዝምታ ነው አልከኝ፤ አንድ ቃል ቢልኩልን ኖሮ ወገኖቼ በእግራቸውም ይመጡ ነበር አልክ። እያለቀስክ መስሎኝ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ቁጥርህ አልሠራ አለ። አባቴን ይኸውና እስከ ዛሬ ድረስ ቀና ብዬ አላያቸውም። እራት አቀርብላቸዋለሁ፣ እጃቸውን አስታጥባቸዋለሁ፣ የምናወራው ስለ በግ ነው። ኩራታቸው ዕድሜዬን በላው እያልኩ።

ዛሬ ግን በወረቀት ላይ አየሁት። አንተም ጠበቅክ፣ እኔም ጠበቅኩ፣ አባቴም ጠበቁ። ሁላችሁም እንደ አባት እንደ አያታችሁ አደረጋችሁ፤ ጥፋቱ ሁለቱ ሥርዓት አለመተዋወቃቸው ነው።

እንግዲህ እጠይቅሃለሁ፣ ሴት ልጅ እንዲህ አትጠይቅም አትበለኝ። አሁንም ልብህ እዚያው ከሆነ አንድ ቃል ላክልኝ። መኳንንት ቅዳሜ ማለዳ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ይህን በእሱ እልከዋለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በፊት በእሱ ስልክ ብትደውል ይበቃኛል፤ ቁጥሬ ከጠፋህም እሱ ይሰጥሃል። አባቴ እግር ላይ መውደቅ የእኔ ፋንታ ነው። ሽማግሌ ከደጅ መመለስ ከባድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ እችለዋለሁ። ካልደወልክ ግን ከሰዓት በኋላ የእኔ ነገር ያልቃል።

ሐሙስ

የትናንቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌው ነበር፤ ያልጠበቅኩት ነገር ስለገጠመኝ እጨምርበታለሁ።

ጠዋት መኳንንትን በር ላይ ጠብቄ ደብዳቤ ታደርስልኛለህ? አልኩት። ለማን እንደሆነ አልጠየቀም። ሻንጣዬ ሞልቷል አለኝ። ወረቀት ነው እኮ፣ በደረት ኪስህ ይገባል ስለው፣ ምናልባት ቅዳሜ አልሄድም አለ። አሁን ደግሞ አልሄድም? ትናንት ለእናቱ ስኳር ሲገዛ አይቼዋለሁ! ፊቱ ደም የለውም። ታምሞ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ደህና ነኝ ብሎ ጥሎኝ ገባ። ምን አድርጌው እንደሆነ እንጃ። ወገንህ እኔን ጠልቶ ይሆን? የምታውቀው ነገር አለ?

ሥልጠናው ላይ ደግሞ አቶ ገብረ አማኑኤል የእኛን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈው ጠበቁን። ይህን የተቆለፈ ነገር ክፈቱልኝ አሉ። አንዱ መክፈቻ ሰዓት ነው አሉ። ከባዶው ፖስታ ጎን ሰዓት ትሥላለህ፤ መልእክቱ እስከዚህ ቀን ካልመጣ በሌላ መንገድ ይኬዳል ማለት ነው። ታዲያ የልጅቷ ወገን እስከ መቼ ይጠብቅ? ብለው ጠየቁ። አንዱ እስከ ፋሲካ አለ። አንዱ ፈላጊ እስኪመጣ አለ። ከኋላ አንዷ፣ ልጅቷን ማን ጠየቀና ነው ሰዓት የሚሣልላት አለች። ሁሉም ተንጫጩ፣ ማርከሩ በእኔ እጅ ነው፣ እኔ ግን አልሣልኩም። ሰዓት ይሣላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረማ።

ሌላው መክፈቻ ከሁለቱ ባዶ ፖስታዎች አንዱን ጥቁር ማድረግ ነው አሉ፤ ማለት አንዱ ወገን ሥርዓቱን ጥሶ ይልካል። ማን ይደፍራል? አሉ። መሲ የልጅቷ አባት ከወደዷት ይልካሉ አለች። አዳራሹ ሳቀባት። የመንዝ አባት? የመንዝ አባት ይህን ከሚያደርግ ውርጭ በማይለየው ጓሳ ላይ ሙዝ ቢተክል ይቀለዋል አሏት። እኔም ሳቅኩ። አባቴን ብታውቂ እንዲህ አትይም አልኳት። መኳንንት ብቻ አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እርሳስ ይቀርጽ ነበር፤ እርሳሱ ተቀርጾ ያለቀ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ደግሜ ለመንኩት። ይህ ደብዳቤ ካልደረሰ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል አልኩት። እሱም ከደረሰም ይቆጭሻል አለኝና ወዲያው ምላሱን ነከሰ። ምን ማለትህ ነው? ስለው፣ ነገ፣ ነገ እንነጋገራለን ብሎ ሮጦ አመለጠኝ። እስከዚህ መስመር ድረስ ስጽፍልህ ልቤ አልረጋ ብሎኛል። እናትህ ታመው ነው? ወይስ አግብተሃል? አግብተህ ከሆነ ነውር የለበትም፣ ነገር ግን ልወቀው።

ዓርብ

አላገባህም። እናትህም ደህና ናቸው። መኳንንት ሁሉንም ነገረኝ።

ከምሳ በፊት ሥልጠናው ሲዘጋ ግቢው ውስጥ ያለው ጽድ ሥር ጠራኝ። የምነግርሽን ነገር ላልናገር በማርያም ስም ምያለሁ አለኝ። መሐላዬን ከማፈርስ ደብዳቤሽን ዝም ብዬ ባልወስድ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ግን እሁድ ከቅዳሴ በፊት ስልክ ስትጠብቂ ታየኝ፣ ሌሊቱን እሱ ሲያባንነኝ አደረ፣ ንስሐዬን እገባለሁ አለ። ለማን ነው የማልከው? አልኩት። ለአባትሽ አለኝ።

ለካ አባቴ ካቻምና ለፍልሰታ ጾም፣ መኳንንት ለፈቃድ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል፣ ቢሮ ድረስ ሄደው ጠርተውት ነበር። እኔ ለመስክ ሥራ የወጣሁበትን ቀን ጠብቀው። ቆብ አውልቀው፣ ልጄ እንዳትሰማ ካሉ በኋላ፣ ለአጎትህ ልጅ እንዲህ በልልኝ አሉት። ዘመድ አማክሬያለሁ። ደጄ ክፍት ነው። ሽማግሌዎቹ ሳይጠሩ መመለስ የሚከብዳቸው ከሆነ ይኸው ጠርቻለሁ። ነውሩን እኔ እወስዳለሁ። ይህን ያሉት አባቴ ናቸው። በሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው የማያውቁት አባቴ፣ ከእኔ ጋር እኩያ በሆነ ልጅ ፊት። እሺ ካለ ደስታውን እሱ ራሱ ያብሥራት፣ እንቢ ካለ ግን ልኬ እንደተናቅኩ ልጄ አትስማ፤ እኔን ጨካኝ ብትለኝ ይሻላል አሉና አስማሉት።

መኳንንትም ነገረህ። ጎማ ቤት በር ላይ፣ ጎማ እያስለጠፍክ ሳለህ፣ ቃል በቃል ነገረህ። እጅህን በጨርቅ ጠርገህ ሰማሁ አልከው። ለእሷ እኔ ራሴ እነግራታለሁ አልከው። ሻይ ጋበዝከው። ከዚያ ስለ መኪናህ አወራችሁ።

ምክንያትህን አልጠይቅህም። ፈርተህ ይሆናል፣ ልብህ ቀዝቅዞ ይሆናል፣ ከዚህ ከብርዱ ርቀህ ስትቀመጥ እኔ ያን ያህል አልታይህ ብዬ ይሆናል። ሰው ልቡ ቢቀየር አይሰቀልም። እንቢ ብትለኝ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። መኳንንት የነገረህ ለፍልሰታ ነው። አንተ የደወልክልኝ ለመስቀል ነው። በመካከሉ ጳጉሜን አለ፣ እንቁጣጣሽ አለ። የአባትሽ ዝምታ ነው የለያየን ስትለኝ መልእክታቸው በጆሮህ ውስጥ ነበር። በዚህ ነው የተናደድኩት፣ በሌላ በምንም አይደለም። ብትፈልግ እኔን ተወኝ፤ አባቴን ግን ለምን ወሰድክብኝ?

መኳንንት ጽዱ ሥር እንደቆመ ጥዬው ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ወጥቷል። ሥዕላችን ግድግዳው ላይ ነበር። በእኛ ገንዳ ያለውን ባዶ ፖስታ በጥቁር ማርከር ሞላሁት። ከእሱ የተቆራረጠ ቀስት አስነሥቼ ወደ እናንተ ገንዳ አሻገርኩት። እዚያ ሲደርስ ቀጥሎ የምሥለውን ሳጥን አጣሁ። ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው የተሠራ ነገር ነው፤ አንተ ምን ሠራህ ብዬ ልጻፍ? ማርከሩ እስኪደርቅ ቆሜ አሰብኩ። በመጨረሻ ሳጥኑን ትቼ ደማቁን ክብ ሣልኩልህ። አቶ ገብረ አማኑኤል ኮታቸውን ረስተው ኖሮ ተመልሰው ገቡና አዩት። አሁን ትክክል ነው፣ ግን ያሳዝናል አሉ። የማን ነው ብለው አልጠየቁኝም። ጨዋ ሰው ናቸው።

ቤት ስደርስ አባቴ በረቱ አጠገብ ተቀምጠው የጓሳ ሣር ገመድ ይገምዱ ነበር፤ የበጎቹን ማደሪያ ጣሪያ ሊያስሩ። ሳይጠሩኝ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና የገመዱን ሌላውን ጫፍ ያዝኩላቸው። ገርሟቸው ቀና አሉ። እንዳወቅኩ አልነገርኳቸውም፣ አልነግራቸውምም። ዝምታውን የተሸከሙት ለእኔ ብለው ነው፤ ልነጥቃቸው አልፈልግም። እጃቸውን ግን አየሁት። አርጅቷል። ስለ በግ ብቻ ስናወራ የከረምንበት ጊዜ ሁሉ አስረጅቷቸው ኖሯል፣ እኔ ሳላይ።

ትንሽ እንደገመድን፣ እሁድ ሰዎቹ ሲመጡ ምን ልበላቸው? አሉኝ። አባት ልጁን እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ በአካባቢያችን ሰምቼ አላውቅም። ቀጠሉና፣ የምትጠብቂው ካለ ንገሪኝ አሉ፤ ሽማግሌ መመለስ ነውሩ ለእኔ ነው፣ ለአንቺ አይደለም፤ ነውር ደግሞ ለምጄዋለሁ አሉና ሳቅ አሉ። ሳቃቸውን ከሰማሁት ቆይቻለሁ። የምጠብቀው የለም አባባ አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አባባ ብዬ አልጠራኋቸውም ነበር። ገመዱን ሳቢው አሉኝ፤ ሳብኩት፤ ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም።

አንዷለምን እወደዋለሁ ብዬ አልዋሽህም፣ ገና አላውቀውም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቢሮ መጥቶ፣ ብልክብሽ ቅር ይልሻል? ብሎ ጠይቆኛል። ያኔ ፈዛዛ መስሎኝ ነበር። አባቴን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። ምንም ይበሉ ምን፣ በዚያው በተቀመጡበት ይንገሯቸው፤ ዘመድ እናማክር አይበሉ አልኳቸው። እሺ አሉ።

መኳንንት አሁን ደብዳቤውን እወስዳለሁ ብሎ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ ነገ ማታ በእጅህ ይገባል። የረቡዑን ገጽ ልቀድደው ብዬ ነበር፤ ተውኩት። እንዴት አድርጌ አምኜህ እንደነበር በገዛ ጽሕፈቴ እየው። መኳንንትን በዚህ እንዳትቀየመው፤ ከሁላችንም የበለጠ የተሠቃየው እሱ ነው። ስልክም አትደውል። እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ግቢያችን ሰው ይበዛበታል፣ አባቴ ከበጎቹ የትኛውን እንደሚያርዱ ከአሁኑ መርጠዋል፣ የእኔም እጅ ሥራ አይፈታም።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እሳቸው ምንም አላደረጉኝም፤ ሁልጊዜም እወዳቸዋለሁ። አንተንም እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። መልካም ሴት ይስጥህ፤ አባቷም እንደ አባቴ ያሉ ይሁኑ፣ ለልጃቸው ሲሉ የሚልኩልህን ቃል ግን አንተ ለልጅቷ አድርስላቸው።

ደህና ሁን፣

እህትህ